ማኅደሩን ዳስሶ በመጽሐፉ ላይ መፍረድ

የብራና መጽሐፍ የሚመረምር ሊቅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቆዳው ልስላሴ፣ ስለ ቀለሙ ጥቁረት ወይም ስለ ሐረጉ ውበት አይደለም። ከየትኛው ቅጂ ተገለበጠ፣ የጎደለ ቅጠል አለበትን፣ ሌላ እጅ ገብቶ የጨመረበት ቃል ይገኛልን ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ያነበዋል፤ ካነበበውም በኋላ ይናገራል። ማኅደሩን በውጭ ዳስሶ፣ ደጕሱን አድንቆ፣ «ይህ ዳዊት መልካም ነው» የሚል ሰው በሊቃውንት ጉባኤ ቢገኝ መሳቂያ በሆነ ነበር። በዲስክ ታትመው በቤት ለመታየት የሚሸጡትን የቆዩና የተከበሩ ፊልሞች የሚተቹ ብዙ ጸሐፍት ግን ይህንኑ መሳቂያ ሥራ የዕለት ተግባራቸው አድርገውታል።

ከእነዚህ ሰዎች የአንዱን ጽሑፍ የገለጠ አንባቢ ምን ያገኛል? ሣጥኑ ከምን ካርቶን እንደተሠራ፣ ከዲስኩ ጋር የተሰጠው ጥራዝ ስንት ገጽ እንዳለው፣ ሥዕሉ ምን ያህል የጠራ እንደ ሆነ በሰፊው ተጽፎ ያገኛል። ቀጥሎ እንደ ተማሪ ቤት ወረቀት ማርክ ይመጣል፤ ለሥዕሉ ከ10 ዘጠኝ፣ ለድምፁ ከ10 ስምንት፣ ለተጨማሪው ነገር ከ10 ሰባት ይባላል። ስለ ፊልሙ ራሱ የሚነገረው በሁለት መስመር ያልቃል፤ ያም ሁለት መስመር በሣጥኑ ጀርባ ከታተመው የሻጩ ማስታወቂያ ብዙ አይለይም። በመጨረሻም «ይህ ዲስክ ከማንም ቤት ሊጠፋ አይገባውም» ተብሎ ይዘጋል። ለምን ሊጠፋ እንደማይገባው ግን አልተነገረም።

ወቀሳው በነፋስ ላይ የተወረወረ እንዳይመስል አንድ ሥራ ብቻ ወስዶ መመልከት ይበቃል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ድራየር በ1927 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር «የዣን ዳርክ ሕማማት» የተባለውን ድምፅ የሌለውን ፊልም ሠራ። ዣን ዳርክ በ1431 ዓ.ም. በሩዋን ከተማ በመናፍቅነት ተፈርዶባት በእሳት የተቃጠለች ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት የባላገር ልጅ ናት። ያ ፍርድ በ1456 ዓ.ም. ተሽሯል፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ሰይማታለች። ድራየር ስለ እርስዋ የተነገረውን ተረት ሁሉ ትቶ የምርመራውን መዝገብ መሠረት አደረገ፤ መዝገቡን ያሳተመው የታሪክ ሊቅ ፒየር ሻምፒዮንም አማካሪው ነበረ። ብዙ ወራት የፈጀውን ምርመራ እንደ አንድ ቀን ነገር አድርጎ አሳጠረው። ጦርነት አላሳየም፤ ንግሥም አላሳየም። ያሳየው የዳኞቹንና የልጅቱን ፊት ነው።

ስለዚህ ፊት ጥቂት መቆየት ይገባል። ዣንን ሆና የታየችው የፓሪስ የቴያትር ተዋናይ ረኔ ፋልኮኔቲ ናት። ድራየር በፊቷ ላይ ኩልም ዱቄትም እንዳይቀባ ከለከለ፤ ለዳኞቹም እንዲሁ። በመጨረሻው ክፍል ጠጕሯ የሚላጨው በእውነት ነው። ሩዶልፍ ማቴ የተባለው ሥዕል አንሺ መኪናውን እጅግ ስለሚያቀርበው በዳኞቹ ቆዳ ላይ ያለው ሸካራነት፣ ኪንታሮቱና ላቡ፣ በልጅቱም ከንፈር ላይ ያለው መሰንጠቅ አንድ በአንድ ይታያል። ለዚሁ ፊልም ሲባል ግንብና ድልድይ ያለው ታላቅ ሕንጻ ታንጾ ነበር፤ ተመልካቹ ግን ሕንጻውን ከነግርማው ከቶ አያየውም። ያን ያህል ገንዘብ የከፈሉት ሰዎች ሕንጻችን የት ደረሰ ብለው ቢያጉረመርሙ አይፈረድባቸውም። ድራየር ግን ሕንጻው ከተዋንያኑ ኋላ መኖሩ እንጂ መታየቱ ግድ አልነበረውም።

አሁን ወደ ዲስክ ሐያስያን እንመለስ። ከእነርሱ ብዙዎቹ አንድን የቆየ ፊልም ሲያመሰግኑ «እንደ ትናንት የተነሣ ይመስላል፤ ጉድፍ የለበትም፤ ለስላሳ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ፊልም በብር ጨው የሚሠራ ነገር ስለ ሆነ በሥዕሉ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚንቀሳቀስ ነጠብጣብ አለው። ይህ ነጠብጣብ ሥዕሉ ራሱ የተሠራበት ነገር ነው እንጂ ከውጭ የመጣ ቆሻሻ አይደለም። በኮምፒውተር ይህን ነጠብጣብ ጠርጎ ማጥፋት ይቻላል፤ ከእርሱ ጋር ግን የቆዳው ሽብሽብ፣ የቅንድቡ ጠጕርና የዐይን ሥሩ ጥላ አብረው ይጠረጋሉ፤ ፊቱም እንደ ሰም ይሆናል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ፊልም ላይ ልስላሴን የሚያመሰግን ሐያሲ፣ ድራየር ከተዋንያኑ ፊት ያስጠረገውን ዱቄት መልሶ እየቀባ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። ያረጀን ብራና ነጭ ይመስል ዘንድ የሚፍቅ ሰው ፊደሉንም አብሮ ይፍቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወገን ተነሥቶ፣ «እንግዲያውስ ይህ ሁሉ የነጠብጣብና የሣጥን ወሬ ከንቱ ነው፤ ሐያሲ ስለ ሥነ ጥበቡ ብቻ ይናገር፤ ዲስኩ ዕቃ ነው» ይል ይሆናል። ይህ አስተያየት የከበረ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፊተኛው ስሕተት የከፋ ስሕተት ነው። የከፋበትንም ምክንያት የዚሁ ፊልም ታሪክ ያስረዳል።

ፊልሙ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ሲታይ ግን የፓሪስ ሊቀ ጳጳስና የመንግሥት ሳንሱር ያልወደዱት ክፍል ተቆርጦ ነበር። በእንግሊዝ አገርም የእንግሊዝ ወታደሮች በልጅቱ ላይ ሲያፌዙ ስለሚያሳይ ተከለከለ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በበርሊን በተነሣ እሳት የፊልሙ ዋና ቅጂ ተቃጠለ። ስለ ተቃጠለች ልጅ የተሠራ ፊልም ራሱ በእሳት ጠፋ ማለት ነው። ድራየርም ከተረፉት ፊልሞች፣ ማለት በመጀመሪያ ካልመረጣቸው ቅጂዎች፣ አንድ በአንድ እየለቀመ ሁለተኛ ፊልም አቀናበረ። ዕይታው አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን ፋልኮኔቲ በዚህኛው የምታለቅሰው ልቅሶና በዚያኛው የምታለቅሰው ልቅሶ አንድ አይደለም፤ ሠሪው መርጦ የጣለውና መርጦ ያነሣው ነው።

በ1951 ዓ.ም. ሎ ዱካ የተባለ ሰው የዚህን ሁለተኛ ፊልም ቅጂ በጎሞን ኩባንያ መጋዘን አገኘና እንደ ገና ለሕዝብ አወጣው። ያወጣው ግን እንዳገኘው አይደለም። የባኽን፣ የቪቫልዲንና የሌሎችን ሙዚቃ ከላይ አፈሰሰበት፤ ድራየር በጥቁር መደብ ላይ ያስጻፈውን ቃል እያነሣ በቦታው የቤተ ክርስቲያን ባለ ቀለም መስተዋት ሥዕል አገባ። ድራየር ይህን ሥራ ተቃወመ፤ ተቃውሞው ግን አልተሰማም። ከሠላሳ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን በብዙ አገር «የዣን ዳርክ ሕማማት» ተብሎ የታየው ይህ ነው። በዚያ ዘመን ሐያስያን አለቀሱ፤ አደነቁ፤ መጻሕፍትም ጻፉ። ስንቶቹ «ይህ ያየነው ከወደቀው የተለቀመው፣ በላዩም ሌላ ሰው የጨመረበት ነው» ብለው ለአንባቢያቸው ነገሩ? ጥቂቶች። ዲስኩ ዕቃ ነው የሚለው ወገን እንግዲህ ለዚህ መልስ ይስጥ። ቅጂውን ያልለየ ሐያሲ ስለ ሥነ ጥበቡ ተናገረ ወይስ ስለ ሎ ዱካ?

በ1981 ዓ.ም. በኖርዌይ፣ በኦስሎ አቅራቢያ፣ ዲከማርክ በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አንድ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ሲጸዳ የፊልም ቆርቆሮዎች ተገኙ። ወደ ኖርዌይ የፊልም ተቋም ተልከው ሲመረመሩ የዴንማርክኛ ጽሑፍ ያለበት፣ ሳንሱር ሳይቈርጠው በፊት የነበረው፣ የመጀመሪያው ፊልም ሆኖ ተገኘ። ድራየር በ1968 ዓ.ም. አርፎ ነበርና አላየውም። ሥራው ለዘላለም ጠፍቷል ብሎ ሞተ።

ይህ ቅጂ ታድሶ በ1999 ዓ.ም. የአሜሪካው ክራይቴሪዮን ኩባንያ በዲቪዲ አወጣው፤ በ2012 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዩሬካ ኩባንያ በብሉ ሬይ አወጣው፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ክራይቴሪዮን ራሱ በብሉ ሬይ ደገመው። የዚህ ነገር ጥቅም ቀላል አይደለም። ከዚያ በፊት በፓሪስ ወይም በኒውዮርክ ከሚገኝ የፊልም ቤተ መዛግብት አጠገብ ያልኖረ ሰው የዚህን ፊልም ዝና እየሰማ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ሆኖ ይኖር ነበር። ዛሬ በማናቸውም ከተማ ያለ መምህር ዲስኩን ገዝቶ ወይም ተውሶ ማታ በቤቱ ሊያየው፣ ያላስተዋለውን ደግሞ ሊመልሰው ይችላል። መጽሐፍ በማተሚያ በወጣ ጊዜ ለአንባቢ የሆነለት ለፊልም ተመልካች የሆነለት በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህም በዲስክ ላይ የሚጽፍ ሐያሲ የመጽሐፍ ሐያሲ ያህል ኀላፊነት አለበት፤ ዕቃ እንደሚያሻሽጥ ደላላ ሊሆን አይገባውም።

ኀላፊነቱ ከባድ መሆኑ በፍጥነቱ ነገር ይታያል። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ በሴኮንድ 24 ሥዕል እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በድምፅ አልባው ዘመን ግን እንዲህ ያለ አንድ ሕግ አልነበረም። «የዣን ዳርክ ሕማማት» በሴኮንድ 20 ሥዕል ሲታይ 97 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ24 ሲታይ 81 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ 16 ደቂቃ ነው። የ2012ቱም የ2018ቱም ብሉ ሬይ ሁለቱንም ፍጥነት ይዘዋል፤ ሊቃውንቱ ግን እስከ ዛሬ በዚህ ይከራከራሉ። የማርክ ሰጪው ሐያሲ ስለዚህ ነገር የሚጽፈው «ሁለት ዐይነት ፍጥነት አለው» ብሎ በተጨማሪ ነገር ዝርዝር ውስጥ ነው፤ እንደ ምርቃት ማለት ነው። ነገር ግን የዣን እንባ ከዐይኗ ወጥቶ እስከ አገጯ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ምርቃት አይደለም። በ20 ሲሄድ ዳኛው ይጠይቃል፤ ልጅቱ ትዘገያለች፤ ተመልካቹም መልሱ ከየት እንደሚመጣላት አብሮ ይጠብቃል። በ24 ሲሄድ ዳኞቹ ይጣደፋሉ፤ ምርመራው እንደ ወጥመድ ይከባታል። ሁለቱም ትርጓሜ አላቸው። ሐያሲ ሁለቱንም አይቶ አንዱን ይምረጥ፤ የመረጠበትንም ምክንያት ይጻፍ፤ ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ አንባቢውን ጠቅሞታል።

የሙዚቃውም ነገር እንዲሁ ነው። የ1999ኙ ዲቪዲ አሜሪካዊው ሪቻርድ አይንሆርን የደረሰውን «የብርሃን ድምፆች» የተባለውን ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ ይዟል። በኋላ የወጡትም ዲስኮች ሌሎች ሙዚቃዎችን ይዘዋል። የአይንሆርን ሥራ ራሱን የቻለ ውብ ድርሰት መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከፊልሙ ጋር በተሰማ ጊዜ ተመልካቹ ምን ሊሰማው እንደሚገባ አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ዳኛው አፉን ሳይከፍት መዘምራኑ ያዝናሉ። ድራየር ፊልሙ ያለ ሙዚቃ በዝምታ ቢታይ ይመርጥ እንደ ነበረ ይነገራል። ታዲያ የዲስክ ሐያሲ ለድምፁ ከ10 ስምንት ሲሰጥ ለማን ሰጠ? ሠሪው ዝም እንዲል ለፈለገው ፊልም የድምፅ ማርክ መስጠት ለጾም ቀን የወጥ ማርክ እንደ መስጠት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ተግባር በመጀመሪያ ማታ ድምፁን ዘግቶ ማየትና፣ ሙዚቃውን በሁለተኛው ማታ መስማት ነበር። እንዲህ አድርጎ የጻፈ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም፤ ምክንያቱም በማግሥቱ ስለ ሌላ ሣጥን መጻፍ አለበት።

በካህናት ዘንድ ደግሞ የሚነሣ ሌላ ክርክር አለና እርሱን ማለፍ አይገባም። «ይህ ፊልም ጳጳስን ጨካኝ፣ መነኮሳትን ተንኰለኛ አድርጎ ያሳያል፤ በምእመናን ቤት ሊገባ ይገባዋልን?» የሚሉ አሉ። የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስም መቀስ ያነሣው በዚህ ስጋት ነበር። ለዚህ የሚመልሰው መዝገቡ ራሱ ነው። ዣንን የፈረደባት ጉባኤ ስሕተት መሥራቱን የተናገረው የቤተ ክርስቲያን ዳኝነት ነው፤ ድራየርም የጨመረበት ነገር የለም። ደግሞም በዳኞቹ መካከል የሚራራላት፣ ወጥመዱን በዐይኑ የሚያመለክታት ወጣት መነኩሴ ማሲዬ አለ፤ አንቶናን አርቶ የተባለው ባለቅኔ ነው የተጫወተው። ይህን ሰው ያላየ ፊልሙን አላየውም።

በፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ዳኞቹ ልጅቱን በማስፈራራት ባልቻሏት ጊዜ ቅዱስ ቊርባኑን ወደ እስር ቤቷ ያስመጡላታል። ዕቃው ሲቀርብ፣ መብራቱ ሲበራ ፊቷ በደስታ ይለወጣል። ከዚያ ወረቀቱ ይቀርባል፤ ካልፈረመች አትቀበልም። አትፈርምም። ቊርባኑም ከፊቷ ተነሥቶ ይሄዳል። የዲስክ ሐያስያን ስለዚህ ቦታ የሚጽፉት «የፊት ሥዕሎቹ እጅግ ኀይለኛ ናቸው» ብለው ነው። ኀይለኛ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ኀይሉ ከየት መጣ? በቊርባን የሚያምን አንድ የገጠር ቄስ ይህን ቢያይ የሥዕል አንሺውን ስም ሳያውቅ ከዐሥር ሐያስያን ይልቅ ነገሩን ይረዳዋል፤ ምሥጢረ ቊርባን ለማስገደጃ ሲውል ምን ያህል በደል እንደ ሆነ ያውቃልና። ካህናት ፊልሙን ከመፍራት ይልቅ ትርጓሜውን ለማያውቁ ሰዎች ስለ ተዉት ሊያዝኑ ይገባቸዋል። ቈራጩ ሊቀ ጳጳስም ሆነ ማርክ ሰጪው ሐያሲ ያደረጉት ነገር በፍጻሜው አንድ ነው፤ አንዱ ቦታውን በመቀስ አወጣው፣ ሁለተኛው ዐይኑ እያየ አለፈው።

ለማርክ የሚከራከሩ ሰዎች የመጨረሻ መልስ አላቸው፤ አንባቢው ሥራ የበዛበት ስለ ሆነ ረጅም ነገር አያነብም፣ ገንዘቡን በከንቱ እንዳያወጣ አንድ ቁጥር ይበቃዋል ይላሉ። ይህ ለድስትና ለጫማ ይሆናል። ዲስኩን ሊገዛ የሚያስብ ሰው ግን ከገንዘቡ በላይ አንድ ሙሉ ማታውን ሊሰጥ ነው፤ ቁጥሩም የትኛውን ፊልም እንደሚያይ አይነግረውም። የሚያስፈልገው ቃል ደግሞ ረጅም አይደለም፤ ቅጂው በኦስሎ የተገኘው ነው ወይስ የሎ ዱካ? ፍጥነቱ 20 ነው ወይስ 24? ያለ ሙዚቃ ለማየት ይቻላልን? የልጅቱ ቆዳ እንደ ቆዳ ይታያል ወይስ እንደ ሰም? ይህ በአራት መስመር ያልቃል። የዩሬካው ዲስክ የሎ ዱካን ፊልም ከኦስሎው ጋር በአንድነት ይዞ ስለ ወጣ፣ ሁለቱን በተከታታይ ማታ አስተያይቶ ለመጻፍ ለሚፈልግ ሰው የጎደለ መሣሪያ የለም። ከአራቱ መስመር በኋላ የሚተርፈውን ገጽ ሁሉ ስለ ልጅቱና ስለ ዳኞቿ ይጻፍበት።